ሌኒንን ፍለጋ፦ ከአቃቂ እስከ ሆለታ በሐውልት ወሬ

ረቡዕ፣ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ቃሊቲና አቃቂ

ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ቃሊቲን የሚያውቃት ከመናኸሪያው ወርዶ ታክሲ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ዘንድሮ ግን መሀል ከተማውን ትቼ ዳር ዳሩን ልዙር ብዬ ተነሳሁ። ምክንያቴ ሌኒን ነው።

አዎ፣ የሩሲያው ሌኒን። ሶቪየት ኅብረት በስጦታ የሰጠችው ግዙፍ ሐውልቱ በአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ ቆሞ ነበር። በፈረንጅ 1983 ቆመ፣ በእኛ 1983 ወደቀ። (ዘመን አቆጣጠር የሚያምታታ ሰው በአንድ ዓመት ቆሞ የወደቀ ሊመስለው ይችላል፤ በመሀሉ ያለው ግን ስምንት ዓመት ገደማ ነው።) ከወደቀ በኋላ በከተማዋ ዳርቻ በአንድ የማዘጋጃ ቤት ግቢ፣ ከአሮጌ ዕቃ ጋር በጀርባው ተንጋሎ መቅረቱን ጋዜጠኞች ፎቶ አንስተው አሳይተዋል። ያን ፎቶ ካየሁ ጀምሮ በዓይኔ ላየው እመኝ ነበር። በዚያውም የሐውልት ጭቅጭቅ ሁልጊዜ ቴሌቪዥን ላይ ከሚቀርቡት ሰዎች ስለሚሰማ፣ የከተማው ዳር ነዋሪ ምን እንደሚል ለመስማት ፈለግሁ።

የመኪናው ዋጋ 800 ብር ነበር። ሞጆን አልፈን ፈጣን መንገዱ ላይ እንደገባን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ረዳቱ ትርፍ ጎማውን ሲያወርደው እሱም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ከመንገደኛ መኪና ጎማ እስኪዋስ ድረስ ፀሐይ ላይ ቆመን ቀረን። ፈጣን መንገድ ላይ እግረኛ መቆም ክልክል ነውና የመንገዱ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ከአጥሩ ሥር አሰለፉን። ሾፌሩ ገንዘብ እንዲመልስ የጠየቀ አንድ ወጣት ነበር። መልሱ «ጎማውን እኔ አላፈነዳሁት» የሚል ነበር።

አክስቴ የምትኖረው አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ባሏን ጋሼ ነው የምለው። ዕድሜውን በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጨረሰ፣ ጆሮው በማሽን ድምፅ የደከመ፣ ስለዚህም ጮክ ብሎ የሚያወራ ሰው ነው። ቀኑ ረቡዕ ስለሆነ ራታችን ሽሮና ጎመን ሆነ። ሐዋሳ በሸሚዝ የማመሸው ሰውዬ እዚህ ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ተኛሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፤ አቃቂ

ስነቃ ቤቱ ጢስ ጢስ ይላል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ወዲህ አዲስ አበባ በሚካኤል ዕለት ቆሻሻዋን ጠርጋ ታቃጥላለች፤ ሐዋሳ ላይ ይህን ያህል አይደለም። ቅጠሉ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ዘንድሮ ላስቲኩም ጎማውም አብሮ ይነድዳል። አክስቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

በባጃጅ 60 ብር ከፍዬ ሐውልቱ አለበት ወደተባለ አንድ የመንግሥት ግቢ ሄድኩ። በሩ ላይ ሁለት ጥበቃዎች ቡና ይጠጣሉ። ጉዳዬን ስነግራቸው ትልቁ ሰውዬ አልሳቀም፤ የመጀመሪያው ጠያቂ እንዳልሆንኩ ገባኝ።

«ደብዳቤ አለህ?»

«ከማን?»

«ከበላይ አካል።»

«ለወደቀ ሐውልት የበላይ አካል ማን ነው?»

«እሱን አንተ አጣራና ና።»

ወጣቱ ጥበቃ ትንሽ አዘነልኝ መሰለኝ፣ ቡና እንድቀምስ ጋበዘኝ። «ሌኒን ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ስለው «ኳስ ተጫዋች አይደለም አይደል?» ብሎ ሳቀ። እያሾፈ ይሁን እውነቱን ይሁን መለየት አልቻልኩም። ሐውልት አለ ወይስ የለም ብዬ ደጋግሜ ብጠይቅም አለም የለምም አላሉኝ። ከአጥሩ ማዶ ወዳለ፣ ሥራው ወደቆመ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ከዚያ የሚታየው የቆመ ግሬደር፣ የቱቦ ክምርና የተጠቀለለ ቆርቆሮ ነው። ጢሱም አላሳይ አለኝ። ስወርድ አንድ ቆራሌው ጆንያውን አስደግፎ ቆሟል። ምን ፍለጋ እንደወጣሁ ስነግረው ዓይኑ በራ። «ነሐስ ነው? ኪሎው ስንት እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። ከዚያ ግቢ ደጃፍ ስለ ሐውልቱ ከልቡ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው።

ማታ ለጋሼ ስነግረው እንደ ልማዱ ጮኸ። «እኔን ብትጠይቀኝ አቅልጬ ድስት አወጣው ነበር!» ሐውልቱ ሲመረቅ ከቀበሌ ተሰልፈው መውጣታቸውን፣ ያልወጣ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ሲቀበል ችግር እንደሚገጥመው አወራኝ። ሐውልቱ የተቀረጸው ሲራመድ ነው፣ ፊቱም ወደ ቦሌ ስለነበር ከተሜው «እሱም አገር ጥሎ ሊወጣ ነው» እያለ በሹክሹክታ ይቀልድ ነበር።

ከዚያ ጋሼ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረልኝ። «መንግሥቱ ግንቦት 13 ሄደ። ሌኒን ግንቦት 15 ወረደ። ኢሕአዴግ የገባው ግንቦት 20 ነው። እስቲ ማን ነው ያወረደው?»

ለዓመታት ስለ ሌኒን ሳነብ ይህን አስተውዬው አላውቅም። ብዙ ሰው እንደሚያወራው አሸናፊው ገብቶ የተሸናፊውን ጣዖት አልገለበጠም። ሐውልቱን ያወረደው ከመንግሥቱ በኋላ የቀረው፣ ትናንት ሥሩ ሰልፍ ያሰለፈው ያው መንግሥት ነው። ሕዝቡ ዙሪያውን ቆሞ ጨፍሯል፤ ግን ሲቆምም ሲወርድም የጠየቀው የለም። እኔ የሚያሳስበኝ ከመውረዱ ይልቅ ይህ ነው። በአንድ ቀን በማሽን የወረደ ሐውልት ከእሱ ጋር የሰልፍ አሰላፊውንም ስም ይዞት ይሄዳል።

በነገራችን ላይ ማርክስ አሁንም አለ። ምሥራቅ ጀርመን የሰጠችው የድንጋይ ምስሉ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ጺሙን አንዠርግጎ ተቀምጧል። ጭንቅላት ብቻ ስለሆነ ገመድ የሚያስሩበት ቦታ አጥተው ይሆናል።

ዐርብ፣ ኅዳር 13፤ እንጦጦና ሱሉልታ

ወደ እንጦጦ ለመውጣት መሀል ከተማውን መሻገር ግድ ነው። ፒያሳ ስደርስ ከታክሲ ወረድኩ። የማውቃቸው አሮጌ ቤቶች የሉም። ከ2016 ጀምሮ ፈርሰው መንገድና ሣር ሆነዋል፤ ከመሀላቸው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተነሥቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ጊዮርጊስ ፊት ለፊት በፈረሳቸው ላይ እንዳሉ ናቸው። ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲነሡ ይህን ያህል ያልተጯጯኸ አገር፣ ስለ አንድ የነሐስ ፈረስ ሲነሣ እንቅልፍ ያጣል።

ይህን ሐውልት አንድ ጊዜ አንሥተውታል። የተመረቀው በ1923 ዓ.ም. ጥቅምት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን ከተማዋን ሲይዝ አውርዶ ቀበረው፤ ከነጻነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። ስለዚህ ዛሬ «ይነሣ» የሚል ሰው፣ ምንም ያህል እውነተኛ ቁስል ይዞ ቢመጣ፣ ከእሱ በፊት ያነሣው ፋሺስት መሆኑ ጥላ ያጠላበታል። ዕድለ ቢስነት ነው፤ የጠያቂው ጥፋት ግን አይደለም። ትንሽ ወረድ ብለው ደግሞ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። በ2005 ለባቡሩ ሲባል ተነሥተው ብዙ ሰው በዚያው ይቀራሉ ብሎ ሲሟረት፣ በ2008 ተመለሱ። ክሬን መልሶም ያመጣል ለካ።

ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም በታክሲ 20 ብር ነበር። በዳገቱ የባሕር ዛፍ ቅጠልና እንጨት በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ። አንዷን ሸክሙን ስንት ትሸጪዋለሽ ብያት «300 ካገኘሁ እመቤቴ ረድታኛለች» አለችኝ። ፓርኩ ውስጥ ካለው ካፌ ማኪያቶ 120 ብር ከፈልኩ። ሐዋሳ ሐይቁ ዳር በዚህ ገንዘብ ማኪያቶም ኬክም ይገኝ ነበር፤ አየሩ ግን እውነትም ሌላ ነው።

ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት እዚሁ እንጦጦ ማርያም በ1882 ዓ.ም. ነው። ቤተ መንግሥታቸው ከተለሰነ ግድግዳና ከሣር ክዳን የተሠራ፣ ከሐውልታቸው ጋር ሲተያይ እጅግ ትሁት ነው። ሰውየው እዚህ ይበልጥ ሰው ሆነው ይታያሉ።

ወርጄ በአዲሱ ገበያ በኩል ወደ ሱሉልታ ተሳፈርኩ። ፍተሻ ነበር፤ መታወቂያ ታየ፣ ቀጠልን። ሜዳው ላይ ሯጮች ይሮጣሉ፤ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አባት ቤት አደርኩ። እኔም አባባ ነው የምላቸው። አያቶቻቸው ጉለሌ ኦሮሞ ናቸው፤ ከተማዋ ስትሰፋ መሬታቸውን ለቀው ወደዚህ የወጡ።

ወሬውን ያነሣሁት በፍርሃት ነበር። አባባ ግን ቆሎውን እየቆረጠሙ ረጋ ብለው መለሱልኝ። «ልጄ፣ እኔ ፈረሱ ይውረድ አልልም። ወርዶ ምን ይሰጠኛል? መሬቴን? ግን ልጅህን ይዘህ ሥሩ ስትቆም ስለ ዓድዋ ብቻ ነግረኸው አትሂድ። ያ ፈረስ ወደ ዓድዋ ብቻ አልዘመተም በለው። አርሲ ሄዷል በለው። እዚህ ደግሞ ቱፋ ሙና የሚባል የጉለሌ አለቃ ነበር በለው። የእሱን ሐውልት ግን የት ወስደህ ታሳየዋለህ?»

የጓደኛዬ እህት የታሪክ መምህር ናት። አባቷን በአክብሮት ግን ሳትፈራ ተቃወመች። ለአባባ «የት አለ» መንግሥት የሰጠው መልስ አኖሌ ነው፤ የምኒልክ ጦር የሰው እጅና ጡት ቆርጦበታል በሚባለው በዚህ የአርሲ ቦታ፣ በ2006 የተቆረጠ ጡት የያዘ እጅ ሐውልት አቆመ። ለእሷ እሱ ስህተት ነበር። «ለሞተ ሰው ሐውልት ስታቆም ፊቱን አቁምለት እንጂ ቁስሉን ብቻ አታቁም። ተማሪዎቼ አኖሌን አይተው ሲመለሱ ስለ አርሲ ሕዝብ የሚያውቁት መቆረጡን ብቻ ነው።» ወንድሟ፣ ጓደኛዬ፣ ተቆጣ። ቁስሉ ለመቶ ዓመት ተክዷል፣ ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቁስሉ ነው አላት። እኔ ወደ እሷ አዘነበልኩ፣ ዝም ብዬ ግን ቆሎዬን በላሁ፤ ቤቱ የእነሱ ነው።

ከዚያ ሰኔ 2012 ተነሣ። ዘፋኙ ሃጫሉ ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ሐረር ላይ የራስ መኮንን ሐውልት ተገርስሶ ወደቀ፤ በዚያው ሰሞን ለንደን ዊምብልደን በሚገኝ መናፈሻ የነበረው የኃይለ ሥላሴ ምስል ተሰባበረ። ጓደኛዬ ያኔ ደስ ብሎት እንደነበር አልደበቀም። «አሁንስ?» አለችው እህቱ። «አሁን ባዶው ቦታ ምንም አይነግረኝም» አላት። ጥሬ አጃ የመሰለ ዝምታ ተከተለ፣ አባባ ግን ነገ ቅበላ ነው ዶሮ ማን ያርዳል ብለው አስተነፈሱን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14፤ ሆለታ

ዶሮውን ሳልጠብቅ ወጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በአስኮ በኩል አሸዋ ሜዳን፣ ቡራዩን፣ የገፈርሳን ግድብ አልፎ ወደ ሆለታ የሚወስደው መንገድ በኅዳር ያምራል። ጤፉ እየታጨደ ነው። አሸዋ ሜዳ ላይ ግን ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ከቡራዩ ለመውጣት ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀብኝ።

ሆለታ የወታደር ከተማ ናት። የገነት ጦር ትምህርት ቤት በንጉሡ ዘመን በስዊድን መኮንኖች የተከፈተባት፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያምም የሠለጠነባት። ነገ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ሞልቷል። ጠረጴዛ አጥቼ የተጋራኋቸው ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ሻምበል ሆኑ። ክትፎው 550 ብር፣ ለጋስ ነው፤ ቆጮውም ትኩስ። እሳቸው ጥሬ ሥጋ ነው የሚቆርጡት።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «ዛሬ የስድሳዎቹ ቀን ነው» አሉ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ደርግ አክሊሉ ሀብተ ወልድን፣ እንዳልካቸው መኮንንን፣ ራስ አሥራተ ካሣንና ሌሎቹን ያለ ፍርድ የረሸነበት ሌሊት። ጄኔራል አማን አንዶም ቤታቸው ሲታገሉ የሞቱትም ያኔ ነው። «እኔ ያኔ ምልምል ነበርኩ። ጠዋት በሬዲዮ ሰማን። ግማሻችን አጨበጨብን፣ አጨብጫቢ ነበርኩ» አሉና ሥጋውን አጠቀሱ።

የተረሸኑት ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ ነው። ያ እስር ቤት ፈርሶ ቦታው ለአፍሪካ ኅብረት ተሰጠ፤ አዲሱ ሕንፃ በፈረንጅ 2012 ተመረቀ። በ2011 ዓ.ም. የካቲት ደግሞ የኃይለ ሥላሴ ሐውልት በኅብረቱ ቅጥር ግቢ ቆመ። ለአፍሪካ አንድነት የደከሙት ንጉሥ ይገባቸዋል፣ አልከራከርም። ግን ሐውልቱ የቆመው የገዛ ሚኒስትሮቻቸው በተረሸኑበት፣ እሳቸውም በዘመናቸው ሰው ባሰሩበት መሬት ላይ ነው። ከወሎ ረሃብ ጋር ስማቸው የተያያዘ ንጉሥ መሆናቸውም አለ። ሻምበሉ ይህን ስላቸው፣ «ታዲያ ይውረዱ ነው የምትለኝ?» ብለው ቢላዋቸውን አስቀመጡ።

አይደለም አልኳቸው። እንደኔ አዲስ ማቆምና የቆመውን መተው አንድ አይደሉም። ጣሊያኖች አፊሌ በምትባል ከተማ በፈረንጅ 2012 ለግራዚያኒ መታሰቢያ ሠሩ። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋና የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ግድያ እያወቁ፣ በዘመናችን፣ በሕዝብ ገንዘብ። እሱ ሊፈርስ ይገባዋል ብል አላፍርም፤ ምክንያቱም ዛሬ የተሰጠ ክብር ነው። ይህን ለመቃወም በመጋቢት 2005 አዲስ አበባ የወጡ ሰዎች መታሰራቸው ግን እስከ ዛሬ አይገባኝም። የድሮው ግን ሌላ ነው። የቆየው ይቆይ፣ ሥሩ ግን ሥራው ሁሉ ይጻፍበት፤ መልካሙም ክፉውም፣ በተጎዳው ወገን ብዕር። ይህ ያልኩት ለምኒልክም ለንጉሡም ነው።

«ለደርግስ?» አሉ ሻምበሉ። «ጥቁር አንበሳ አጠገብ ያለው ትግላችን ሐውልት ላይ መንግሥቱ ሕዝብ ሲመራ ተቀርጾ አለ። ከፊቱ ካራማራ የወደቁ ጓደኞቼም አሉ። እሱን ልፋቅ ብትል እነሱንም ትፍቃለህ።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ሁለት ብርሌ ጠጅ አዘዙ፤ ሒሳቡን ልክፈል ብል «በሆለታ እንግዳ አይከፍልም» ብለው ተቆጡ።

ያደርኩበት ፔንሲዮን 600 ብር ነበር፤ ውሃ በጀሪካን፣ ብርዱ በነጻ። ከጎኔ ያለው ክፍል ቅበላውን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አከበረ።

እሑድ፣ ኅዳር 15፤ አቃቂ

ሻንጣዬን ለመውሰድ በአቃቂ ተመለስኩ። ጾሙ ገብቷል፤ አክስቴ ሱፍ ፍትፍት አቀረበች።

በመንገድ ሳሰላስለው የመጣሁትን ለጋሼ ነገርኩት። ብሪስቶል የምትባል የእንግሊዝ ከተማ ኮልስተን የሚባለውን የባሪያ ነጋዴ ሐውልት ሕዝቡ በፈረንጅ 2020 ጎትቶ ወደቡ ውሃ ውስጥ ከተተው። ኋላ አወጡትና እንደወደቀ፣ ቀለም እንደተደፋበት በሙዚየም አጋድመው አሳዩት። ማንም መልሶ አላቆመውም፣ ማንም አልደበቀውም። ሌኒንም እንደዚያ ይሁን፤ ግቢው ይከፈት፣ እንደተንጋለለ ዙሪያው ይጠረግ፣ ማን እንዳቆመውና ማን በስንት ቀን እንዳወረደው ይጻፍለት። ያ ደብዳቤ የጠየቀኝ ጥበቃ ትኬት ይቁረጥ፤ 50 ብር ቢሆን እኔ እከፍላለሁ።

«እኔ አልከፍልም!» አለ ጋሼ፣ ጎረቤት እስኪሰማ። «ያኔ በነጻ ነው ያየነው፤ ያውም በግድ።»

አክስቴ በላስቲክ ቆሎ እየቋጠረችልኝ፣ የሐዋሳ መኪና ከስድስት ሰዓት በኋላ ዋጋ እንደሚጨምር አስታወሰችን።